ዱላው ያልተመለሰበት መስመር

ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ በር ሲያንኳኩ ሀናን ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። የያዘችውን የብርጭቆ ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እንደገና አነሳችው፤ ለምን እንዳነሳችው ግን አታውቅም። ሌላ ልጅ ብትሆን የምትፈራው አባቷ የሚመልሱትን መልስ ነው። ሀናን የምትፈራው አቶ ታዴዎስ በብብታቸው የያዙትን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ነገር ነው። ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሥዕሉን የሣለችው እሷ ናት።

አቶ ታዴዎስ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከሰሜን በወጣትነታቸው መጥተው ሆሳዕና ላይ አርጅተዋል፤ ክርስቲያን ከእስላም ሳይለይ ሽምግልና ያለ እሳቸው አያምርም ይባላል። ከኋላቸው የጠያቂው ልጅ የሱልጣን አጎትና ከሱልጣን አገር ከቦኖሻ የመጡ አንድ ሽማግሌ ተከትለዋል። ሱልጣን ራሱ ከግቢው በር ውጪ ሚኒባሱን ተደግፎ ቆሟል። በደንቡ መምጣት አልነበረበትም። ግን በዚያ ቀን ቤትህ ቁጭ በል ብሎ የሚያስቀምጠው ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ሀናን ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሱልጣን ከሆሳዕና ሾኔ ሚኒባስ ይነዳል። የፋርማሲዋ መስታወትና የመናኸሪያው በር ፊት ለፊት የሚተያዩ ናቸው፤ እነሱም እንደዚያው። መጀመሪያ ራሴን አመመኝ ብሎ መጣ። ቀጥሎ ጨጓራዬን ብሎ መጣ። የሚቀጥል በሽታ ሲያጣ፣ «እስቲ አንቺ ፈልጊልኝ፣ ምን ያመኝ ይሆን?» አላት። ሳቀች፤ በዚያው አለቀለት። ከዚያ ወዲህ ሰው ጭኖ በወጣ ቁጥር ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል፤ እሷም ከምታነበው ማዘዣ ላይ ቀና ትላለች። ያቺን ቀና ማለት ይዞ ሾኔ ይደርሳል።

አባቷ ጋሽ ሚፍታህ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ልጅ እግር ሳሉ ከቦኖሻ ገጠር ተነሥተው፣ እንደ ብዙው የሀዲያ ልጅ ሸንኮራ ሊቆርጡ መተሐራ ወረዱ። ሸንኮራው አልያዛቸውም፤ ባቡሩ ያዛቸው። በሐዲድ ጥገና ጀመሩ፣ በኋላ ሐዲድ ማዞር ተማሩ፣ በመጨረሻ በረሃው መሀል የአንዲት ትንሽ ጣቢያ ሹም ሆኑ። የጣቢያ ሹምን በፈረንሳይኛው አፍ «ሼፍ» ይሉት ስለነበር ስሙ ተከትሏቸው መጥቶ ሆሳዕና ውስጥ ዛሬም «ሼፍ ሚፍታህ» ናቸው። ያላወቀ ሰው ምግብ አብሳይ ይመስሉታል፤ ድግስ ደግሶ ሊቀጥራቸው የመጣም አለ። እሳቸው አይቆጡም፤ «የኔ ወጥ ናፍጣ ነበር» ብለው ይመልሱታል።

ባቡሩ ሲቆም ዕቃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያመጡት ዕቃ ባለ ሦስት ቀለም የእጅ ፋኖስ፣ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ፣ ፊሽካ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመስመሩ ዱላ ነው።

ዱላው ክንድ የማይሞላ፣ ከናስ የተሠራ፣ በሁለቱ ጫፍ የሁለት ጣቢያ ስም የተቀረጸበት ነገር ነው። መንገዱ ነጠላ ሐዲድ ነዋ። በሁለት ጣቢያ መካከል ከወዲህም ከወዲያም ባቡር ከገባ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ከተገናኙ ደግሞ ወሬ ነጋሪ አይተርፍም። ስለዚህ ለዚያ መስመር ያለው አንድ ዱላ ብቻ ነው። የጣቢያው ሹም ዱላውን በእጁ ያልሰጠው ነጂ ከቦታው አይነቃነቅም። ዱላውን የሰጠ ሹም ደግሞ፣ ከወዲያኛው ጣቢያ «ደርሷል፣ መስመሩ ነጻ ነው» ተብሎ እስኪደወልለት ከስልኩ አይርቅም። እስከዚያ ሌላ ባቡር ቢመጣ፣ ሚኒስትር ቢጫንበት እንኳ፣ ቆሞ ይጠብቃል።

ጋሽ ሚፍታህ ይህን ሕግ ቤታቸው አስገቡት። ልጅ ለትምህርት ወይ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሲወጣ በር ላይ ዱላውን በእጁ ይሰጡታል። ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ዱላውን በአባቱ እጅ ማስቀመጥ ነው፤ ሰላምታ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው። ታላቋ ልጃቸው ኢልሃም ስትዳር ይዛው ወጥታ፣ ለመልስ ስትመጣ አስረክባለች። በሌላው ቤት ልጅ በምርቃት ይሸኛል፤ በሼፍ ሚፍታህ ቤት በዱላ ይሸኛል ተብሎ ሰፈሩ ይስቅ ነበር።

ዱላውን መጨረሻ የወሰደው ሸምሱ ነው፣ የሀናን ወንድም። ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ አለ። ሆሳዕና ውስጥ ይህን ያላለ ጎረምሳ ስለሌለ ማንም አልደነቀውም። አባቱ ብዙ ቀን ዝም ካሉ በኋላ አንድ ጠዋት ዱላውን በእጁ ሰጡት። ሸምሱ ከሞያሌ ደወለ። ከናይሮቢ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው ክረምት አለፈ፣ ድምፁ የለም። ከሆሳዕና እስከ ሀዋሳ የወሰደውስ ማን ነበር? የልብ ጓደኛው ሱልጣን፣ በራሱ ሚኒባስ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን ሲመጡ ጋሽ ሚፍታህ ነገራቸውን በጨዋ ደንብ ሰምተው፣ «ልጁን አልጠላሁትም። ግን ከእኔ ቤት የወጣ ባቡር አልደረሰም። መድረሱን ሳልሰማ ሌላ አላስወጣም» አሉ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሱልጣን አጎት ከበር እንደወጡ፣ «ሾፌር ንቀው ነው» አሉ። የቦኖሻው ሽማግሌ፣ «የለም፣ ልጄን የወሰደብኝ እሱ ነው ብለው ቂም ይዘው ነው» አሉ። ሱልጣን ይህንን አመነ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ። ሀናን ብቻ፣ «ዱላው ስለሌለ ነው» አለች። ግማሹን አግኝታዋለች፤ ግማሹን ስታዋለች።

«ሌላ ቢሠራስ?» ያለው ሱልጣን ነው። ሀናን ልጅ ሆና አቅፋው የምትተኛው ዱላ ነበርና ከነጭረቱ በወረቀት ሣለችለት። የቶርኖ ቤቱ ሰውዬ ካሮጌ ቧንቧ የተፈታ ናስ አቅልጦ አወጣው፤ ስሞቹንም ቀረጸበት። ያለቀ ዕለት ሱልጣን ወደ ፋርማሲው ይዞት መጣ። ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጠው የሁለቱም እጅ ላዩ ላይ ተገናኘ። «በዚህ ትወጫለሽ» አላት። ደስ ብሏት ነበር፤ ክፉ ነገር በፍጹም አልታያትም።

አሁን ግን፣ በመጋረጃው ስንጥቅ የአባቷን ሽበት እያየች፣ ምነው ባልሣልኩት አለች በልቧ።

አቶ ታዴዎስ ሰላምታውን አድርሰው ተቀመጡ። «ወንድሜ ሚፍታህ» አሉ፣ «ባለፈው ያልከንን ሰምተን ነበር። ዛሬ ባዶ እጃችንን አልመጣንም።» ጥቅሉን ከብብታቸው አውጥተው ጋዜጣውን ገለጡ።

ጋሽ ሚፍታህ ናሱን አዩ።

ሀናን ያን ጊዜ የአባቷ ፊት ላይ ያየችውን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ አትረሳውም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው እንደ ጎረምሳ ብድግ አሉ። «መጣ?» አሉ። «የታለ? ለምን አብሯችሁ አልገባም?» መልስ አልጠበቁም። በካልሲያቸው ግቢውን አቋርጠው ሄዱ። «ሸምሱ» አሉ በሩ ጋ ሲደርሱ፣ በቀስታ፣ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቅስ ሰው። ከዚያ በሩን ከፈቱት።

ውጪ የቆመው ሱልጣን ነው።

መንገዱን ወዲህና ወዲያ አዩ። የሚኒባሱን መስኮት ተጠግተው ወደ ውስጥ አዩ፤ ባዶ ነው። ሱልጣን ምን እንደሠራ የገባው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ጋሼ» አለ፣ «እኔ ነኝ ያሠራሁት። ዱላው ስለሌለ ነው ሲሉኝ… የጎደለው እሱ መስሎኝ…» መጨረስ አልቻለም።

የሀናን እናት ነፊሳ ከማድ ቤት ወጥተው ግቢው መሀል ቆመዋል። የልጃቸውን ስም ሰምተዋል እኮ። ማንም ምንም ሳይነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ተመልሰው ገቡ።

ጋሽ ሚፍታህ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱና ዱላውን ከአቶ ታዴዎስ እጅ ወሰዱ። መዘኑት፤ ባውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ያስፈራውም ይኸው ነው። «ዕድሜዬን ዱላ ሳቀብል ኖሬያለሁ» አሉ። «በአንድ መስመር ላይ ሁለተኛ ዱላ የሚያሠራ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ሁለት ዱላ ማለት ሁለት ባቡር ማለት ነው። ሁለቱም ተፈቅዶልኛል እያሉ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።» ከዚያ ወደ በሩ ሄደው ለሱልጣን ዘረጉለት። «ውሰድና አቅልጠው። ልጄ አልሞተም። መስመሩ ላይ ነው ያለው። በላዩ ላይ ሌላ አታስገቡበት።»

ሱልጣን ተቀበላቸው። ቀና ሲል ሀናን መጋረጃውን ገልጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። በፋርማሲዋ መስታወት ስንትና ስንት ጊዜ ተያይተዋል፤ እንዲህ ተያይተው ግን አያውቁም። ምን አደረግን ይላል ዐይኑ። የሷ አንጀት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ ግማሹ ለአባቷ፣ ግማሹ ለሱ።

በማግስቱ ሚኒባሱ ክላክስ ሳያደርግ ወጣ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ሀናን የክኒን ፍሬ እየቆጠረች ይጠፋባታል፤ እንደገና ትጀምራለች። ስልኳ ጮኸ ባለ ቁጥር ክኒኑን ትታ ታነሳዋለች፤ የእህቷ የኢልሃም ነው፣ የቴሌ ነው፣ የሱ አይደለም። ሱልጣን ተናድዶብኝ ይሆን? አሳፍሬው ይሆን? እያለች ራሷን ስትበላ ሰነበተች።

ከቀናት በኋላ ራሱ መጣ። ጢሙን አልተላጨም። ባንኮኒውን ተደግፎ፣ «ነገ ጠዋት በሀዋሳው አውቶቡስ እሄዳለሁ» አላት። «ከዚያ ሞያሌ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ሸምሱን ልፈልግ።»

ሀናን በእጇ የነበረውን የሽሮፕ ጠርሙስ አስቀመጠች። «የት ብለህ ታገኘዋለህ?»

«ናይሮቢ ያደረበትን ሰፈር አውቀዋለሁ። ከዚያ እየጠየቅኩ። የሸኘሁት እኮ እኔ ነኝ ሀናን። ቦርሳውን ጣራ ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ያባትሽን ፊት አይተሻል። እኔ ያንን ፊት አይቼ ቁጭ ብዬ ሾኔ ሾኔ ልበል?»

«አንተም የጠፋህ እንደሆነስ?»

ወደ ውጪ አየ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶች ሰው ይጠራሉ። «የጠፋሁ እንደሆነማ» አለ፣ «አባትሽ ልክ ነበሩ ማለት ነው። ከኔ ጋር ባትሳፈሪ ይሻልሻል።»

«እንዲህ አትበለኝ» አለችው። ሌላ ልትጨምር ስትል አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባች፤ ትኩሳት ይዞት ነበር። ሀናን መድኃኒቱን አውርዳ፣ ከምግብ በኋላ ነው፣ በዚህ ማንኪያ ነው እያለች አስረዳች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ቀና ስትል ሱልጣን የለም። ባንኮኒው ላይ የሚኒባሱን ቁልፍ ትቶላት ሄዷል። ወንድም አለው፣ አጎት አለው፤ ቁልፉን ግን ለሷ ነው የተወው። ቁልፉን ጨብጣ ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ገብታ አለቀሰች።

ጋሽ ሚፍታህ በየቀኑ መግሪብ ሰግደው ሲመለሱ የባቡሩን ፋኖስ ይለኩሱና፣ አረንጓዴውን መስታወት ወደ መንገዱ አዙረው ግቢው በር ላይ ይሰቅሉታል። መብራት ኖረም አልኖረም ይሰቅሉታል። ጣቢያው ነቅቷል ማለት ነው። ሀናን ያን ዕለት በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አባ፣ ሱልጣን ነገ ሊሄድ ነው። ሸምሱን ፍለጋ።»

ክብሪቱ እጃቸው ላይ ነደደ። ጣታቸውን ሊበላቸው ሲል ጣሉት። «ማን ላከው?»

«አንተ» አለች።

እንዲህ ብላ ስትመልስ እሷም ደነገጠች፤ አባቷን መልሳ ተናግራ አታውቅም። ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል። «ልጄ ካልደረሰ አልክ። እሱ ሄዶ ሊያደርስልህ ነው። ነገ እሱም መስመሩ ውስጥ ይገባል፣ ያውም ያለ ዱላ። ከዚያ ሁለት ሰው ትጠብቃለህ። እኔም ካንተ ጋር ቆሜ እጠብቃለሁ። አንተ አንድ ፋኖስ ትሰቅላለህ፣ እኔ አንድ እሰቅላለሁ።»

«ሀናን፣ በቃሽ።»

«ሸምሱን እኔም እወደዋለሁ አባ። እየጠበቅክ ያለኸው አንተ ብቻ አይደለህም። እናቴ እስካሁን ሳህኑን ታወጣለታለች። ግን እኔስ? እኔ አልጠፋሁም፣ ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ። እሱ እስኪደርስ ጣቢያ ላይ ቆሜ ላርጅ?»

ጋሽ ሚፍታህ ሌላ ክብሪት አወጡ፤ ግን አልጫሩትም። «ሕግ ነው» አሉ። «የገባው ሳይደርስ ሌላ የሚያስወጣ ሹም ነፍስ ያጠፋል። ለሸምሱ ዱላውን የሰጠሁት በዚህ እጄ ነው። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ ነው በዚሁ እጄ ሌላ ልጅ የማስወጣው?»

ሀናን ክብሪቱን ተቀብላ ጫረችና ፋኖሱን ለኮሰችላቸው። የአባቷ ዐይን እርጥብ ነበር፤ አይታው እንዳላየች ሆነች። «አዋሽ ውስጥ የወደቀውስ ዱላ?» አለች ቀስ ብላ። «ልጅ ሳለሁ ትነግረኝ ነበር። ድልድዩ ላይ ከነጂው እጅ አምልጦ ወንዝ ገባ ትለኛለህ። መጨረሻውን ግን ሰምቼው አላውቅም፣ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ያን ጊዜ ባቡሩ ቆሞ ቀረ እንዴ?»

አባቷ ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ግቢ» አሉ፣ «ብርድ ነው።» ፋኖሱን ሰቅለው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። መልሱን ያውቁታል፤ ሀናን ከፊታቸው አንብባለች። አውቀው ዝም ማለታቸው ነው ይበልጥ ያስከፋት።

ሆሳዕና ጠዋት ጉም ለብሳ ነበር። የሀዋሳው አውቶቡስ ሞልቷል። ሱልጣን ከመሀል በመስኮት በኩል ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አለች። ሀናን በመስኮቱ ሥር ቆመች። መንገዱን ሙሉ ቃል ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው፤ አትሂድ ልትለው፣ እንደምትወደው ልትነግረው፣ ካስፈለገም ልትቆጣው። አጠገቡ ስትደርስ ግን ከአፏ የወጣው፣ «ጃኬት ይዘሃል?» የሚል ብቻ ሆነ።

«ይዣለሁ» አላት።

«ሞያሌ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው መንገድ ይበርዳል ይላሉ።»

«እሺ» አለ። እጁን በመስኮቱ አወጣ፤ ያዘችው። ሞተሩ ተነሣ። ረዳቱ በሩን ደበደበና «ሳበው» አለ። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ እጁን አልለቀቀችም፤ አብራ መራመድ ጀመረች። መራመዱ ወደ ሩጫ ሊለወጥ ሲል ፊሽካ ተሰማ።

ረጅም፣ የአንድ ትንፋሽ ፊሽካ ነው። ሰው ሁሉ ትራፊክ መስሎት ዘወር አለ። ከአውቶቡሱ ፊት፣ መውጫው ላይ፣ ጋሽ ሚፍታህ የድሮ የሥራ ኮታቸውን ለብሰው ቀይ ባንዲራ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ቆመዋል። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወደፊት ተንገዳገደ።

«አባት፣ ምን ሆነዋል?» አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ። «ልገጭዎት ነበር እኮ።»

«ቀይ እያየህ አትገጭም» አሉ ጋሽ ሚፍታህ። «የሚወርድ ሰው አለ።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ጀመር። ሱልጣን ወረደ። ሀናን ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ አየች።

«ጋሼ፣ ይልቀቁኝ» አለ ሱልጣን። «ይዤው እመጣለሁ።»

«ምኑን?»

«ዱላውን።»

«እሱማ ናስ ነው» አሉ። «ናስ የቶርኖ ቤቱ ሰውዬም ይሠራል፣ አሳይተኸኛል። እኔ የምጠብቀው ዱላውን የያዘውን እጅ ነው።» ባንዲራውን ዝቅ አደረጉት። «በዚህ መንገድ አንድ ልጅ ሸኝቻለሁ። ሁለተኛ አልሸኝም። ደግሞ ካንተ ጋር ቂም የለኝም። ጓደኛህን እስከቻልክበት አድርሰኸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንተ መንገድ አልነበረም።»

ሱልጣን ምን ያህል ጊዜ ይህን ቃል ሲጠብቅ እንደኖረ ማንም አያውቅም ነበር። ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ጋሽ ሚፍታህ ወደ ሀናን ዞሩ። «ማታ መጨረሻውን ጠይቀሽኝ ነበር» አሉ። «ባቡሩ ቆሞ አልቀረም። ዱላ ሲጠፋ ሰው ዱላ ይሆናል። አንድ ሰው ይመረጣል፣ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ያ ሰው ከነጂው ጎን ካልተሳፈረ ምንም ባቡር ወደ መስመሩ አይገባም። ያን ጊዜ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አዲስ ዱላ እስኪመጣ ድረስ በበረሃው ስሄድ ስመለስ ሰነበትኩ።»

«ታዲያ ለምን ማታ አልነገርከኝም?»

«ፈራሁ» አሉ። ሀናን ከአባቷ አፍ ይህን ቃል ሰምታው አታውቅም። «ሰው ዱላ የሚሆነው ዱላው ጠፍቷል ብሎ ሲያምን ነው። እኔ እስከ ማታ ድረስ አልጠፋም ስል ኖሬያለሁ።» ቀይ ባንዲራውን ጠቀለሉት። «ዱላው ጠፍቷል ልጄ። ሸምሱ አላልኩም። ዱላው ነው የጠፋው።»

ሀናን ሄዳ አቀፈቻቸው። ኮታቸው አሁንም የጋዝ ሽታ ነበረው፣ ልጅ ሳለች ሲያቅፏት እንደነበረው። አባቷ በሰው ፊት ሲያለቅሱ ያ የመጀመሪያው ነው፤ የመናኸሪያው ሰው ስልኩን ዝቅ አደረገ፣ ሹፌሩም ሞተሩን አጠፋ።

ከኮታቸው ኪስ ቀይ ጨርቅ አወጡ። በአንድ እጃቸው ሊያስሩት ሞክረው አቃታቸውና ክንዳቸውን ዘረጉላት። ሀናን አሰረችላቸው። ሱልጣን አፉን ከፍቶ ያያል። «ጋሼ» አለ፣ «ይኼ ማለት…?»

«ይኼ ማለት ሽማግሌዎችህን ደግመህ ላክ ማለት ነው። በሠርጉ ቀን ደግሞ ጋቢና የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ሀናን ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ለሱልጣን ሰጠችው። እጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር። ቁልፉን ከተቀበለ በኋላም እጇን አልለቀቀም፤ አባቷም አይተው ፊታቸውን ወደ አውቶቡሱ አዞሩና አረንጓዴውን ባንዲራ ዘረጉለት።

የሙሽራ አባት ከሙሽራዋ ጋር ተሳፍሮ ወደ ሙሽራው አገር ሲሄድ የት ታይቷል? አክስቶች አጉረመረሙ። ኢልሃም እንኳ፣ «አባ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች። «ሰው ባቡር አያውቅም» አሏትና አለፉ። ኒካው ከታሰረ በኋላ ሱልጣን ሱፉን እንደለበሰ መሪውን ራሱ ያዘ፤ ነጂ መቀየር አልተፈቀደለትም። ጋሽ ሚፍታህ ቀይ ጨርቃቸውን አስረው ጋቢና ተቀመጡና ፊሽካቸውን ነፉ። ነፊሳ በር ላይ ቆመው ቀሩ፤ ጣቢያ ባዶ አይተውም ተብለው።

ሀናን ከኋላ ሆና እስከ ቦኖሻ ድረስ የአባቷን ጀርባ ስታይ ሄደች። አንዴም ዘወር አላሉም። በየመታጠፊያው እጃቸውን ያነሳሉ፣ ሱልጣን ይቀንሳል፤ እጃቸውን ይጥላሉ፣ ይነዳል። አማቱን እንዲህ የሚታዘዝ ሾፌር በሾኔ መንገድ ላይ ታይቶ አይታወቅም ብለው ሚዜዎቹ ሳቁ። ሀናን ግን ዐይኗን ከቀዩ ጨርቅ ላይ አልነቀለችም። ይኸው ወጣች። ያለ ዱላ አይደለም የወጣችው።

ቦኖሻ ሲደርሱ እልልታው ቀለጠ፤ የሱልጣን እናት በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ጋሽ ሚፍታህ ግን ማንንም ሳይጨብጡ ከሰው ነጠል ብለው ስልካቸውን አወጡ። ሀናን ከሚኒባሱ ለመውረድ አንድ እግሯን እንዳወረደች ቆማ ሰማቻቸው።

«ነፊሳ» አሉ። «ደርሷል። መስመሩ ነጻ ነው።»

ከወዲያ የእናቷ ልቅሶ ይሰማል። ጋሽ ሚፍታህ ስልኩን አልዘጉትም። ቀይ ጨርቁን ከክንዳቸው ፈትተው እጃቸው ላይ ጠቀለሉት።

«ፋኖሱን ለኩሺው» አሉ። «ሸምሱ የደወለ እንደሆነ መስመሩ ነጻ ነው በዪው። ዱላውን ባይዝም ይግባ።»